ላሊሶና ፊልሙ ያላነሳት እናት

ላሊሶ መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። እንዳልደነግጥ ብለው ነው አሉ ያልነገሩኝ፤ ሰው ካረጀ ወዲያ እንደ ብርጭቆ ነው የሚይዙት። ለቅሶ ቤት የገባሁት ተናድጄ ነው። እዚያም አንዱ ተነሥቶ «ደራሲው መምህራችን ትሑት፣ ለስላሳ፣ ከማንም የማይጋጩ ሰው ነበሩ» ሲል ጭራሽ ባሰብኝ። የትኛውን ላሊሶ ነው የቀበሩት? እኔ የማውቀው ላሊሶ ግትር ነበር፤ ኩርፊያ ይወዳል፤ ትንሽም ጉራ አያጣውም። ከማንም የማይጋጭ የተባለው ሰው በአንድ ጠዋት ከአማቱ፣ ከጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎችና ከመላው የሻንቶ ገበያ ጋር ሲጋጭ ቆሜ አይቻለሁ። ድንኳን ውስጥ ሙግት አይጀመርም ብዬ ዝም አልኩ። እዚህ ግን ዝም የምልበት ምክንያት የለኝም።

ያን ጊዜ ሁለታችንም ሶዶ አንድ ትምህርት ቤት ነበር የምናስተምረው፤ እኔ አንደኛ ክፍል፣ እሱ አራተኛ። እኔ ከሰሜን የመጡ ሰዎች ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ግን እዚያው ሶዶ ስለሆነ ወላይትኛውን እንደ ሰፈሩ ልጅ እናገራለሁ። ላሊሶ የአገሩ ልጅ ነው። የሚሲዮን ትምህርት ቤት ያሳደገው፣ እናትና አባቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ነው ተብሎ ይታወቅ ነበር። ቤታችን ጎን ለጎን ነው፤ የሚለየን የእንሰት ጓሮ ብቻ ነበር።

ለልጆች ተረት ይጽፋል። መጻሕፍቱ ቀጫጭን ነበሩ፤ ግን አዲስ አበባ ድረስ ትምህርት ቤቶች ገብተዋል። አዲስ ታሪክ የጻፈ እንደሆነ እኔ ክፍል ይመጣና ለልጆቼ ያነብላቸዋል። ሲያነብ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ አይደለም፤ ልጆቹን ነው የሚያየው። አንዱ ወደ መስኮት ዞር ካለ አለቀለት፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከትና ይወጣል። «ልጅ ይሉኝታ የለውም፤ ለዚህ ነው የማምነው» ይለኛል። አማርኛውን የማርምለት እኔ ነበርኩ። አንዱ ገጽ ላይ ወንድ የነበረው ጅብ በሚቀጥለው ገጽ ሴት ይሆናል። ስነግረው «አስካለ፣ ጅቡ ቅር ካላለው አንቺን ምን ቸገረሽ?» ብሎ ያኮርፋል፤ ማግስቱን ግን አስተካክሎ ያመጣዋል።

አንድ ደንብ ነበረው። ተረቱ ሲያልቅ ልጆቹ ሁልጊዜ «ጋሼ፣ እውነት ነው ተረት ነው?» ብለው ይጠይቁታል። ይህችን ጥያቄ በቀልድ አያልፋትም። ተረት ከሆነ ተረት ነው ይላል፤ የሆነ ነገር ከሆነም የት እንደሆነ ይናገራል። አንድ ቀን እኔ ለመሳቅ ብዬ ለአንዲት ልጅ ጅቡ እውነት ነው፣ ቤቱም ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው አልኳት። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ላሊሶ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አላናገረኝም። ሲታረቀኝ «ለልጅ ፍጠሪለት፤ አታታልዪው» አለኝ። በጣም ነበር የከበደኝ፤ ያኔ የራሱ ቤት ምን እንደነበረበት አላውቅም ነበር።

ሚስቱ ማርታ ቁመተ ረጅም፣ ድምፀ መልካም፣ የጸሎት ቤቱ መዘምራን ምሰሶ ናት። አባቷ አቶ ዳና ሰፊ መሬት ያላቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ በአገሩ ማንም ቃላቸውን አያልፍም። ማርታና ላሊሶ ሦስት ልጆች ወልደዋል፤ ትንሿ ሐና ናት። ማርታ በባሏ ላይ የነበራት ቅሬታ አንድ ብቻ ነው። ላሊሶ በገበያ ቀን ተረት ልሰበስብ ብሎ ሻንቶ ይወርድና ሁልጊዜ አንድ ሸክላ ይዞ ይመለሳል። ጀበና፣ ድስት፣ እንስራ፣ የጠላ ጋን። «እኛ ጠላ አንጠጣ! ጋኑን ምን ላድርገው? አንተን ልክተትበት?» ስትለው እሱ ይስቃል።

ከዚያ ፊልሙ መጣ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ፊልም አንሺዎች የደራሲውን ሕይወትና ቤተሰቡን እንደሚያነሱ ተነገረን። ትምህርት ቤቱ በደስታ አበደ፤ ግድግዳ ተቀባ፣ ልጆች ጫማ ተለመነላቸው። ላሊሶ ግን ያን ዕለት ወባ እንደያዘው ሰው ሆኖ በጓሮ በኩል መጣ።

«አስካለ፣ እናቴ አልሞተችም» አለኝ።

«ታዲያ የት ናት?»

«ሻንቶ ገበያ። ሸክላ ትሸጣለች። ጪናሻ ናት፤ እኔም ነኝ።»

የደነገጥሁት ለምን እንደሆነ የአገሩን ነገር የማያውቅ አይገባውም። ሸክላ ሠሪዎቹን ጪናሻ ይሏቸዋል። ሰው በድስታቸው ያበስላል፣ በእንስራቸው ውኃ ይቀዳል፤ አብሯቸው ግን አይበላም፣ ደፉን አያስረግጣቸውም፣ መጋባትማ የሚታሰብም አይደለም። ጸሎት ቤቱ ሁሉም አንድ ነው ብሎ ቢያስተምርም፣ እሑድ አግዳሚ ላይ አብሮ የተቀመጠው ሰኞ በር ላይ ያቆማቸዋል። እኛ ከሰሜን የመጣነውም አልተሻልንም፤ ቡዳ ናቸው እያልን ልጆቻችንን ስንሸሽግ ነው ያደግነው።

አባቱ ሲሞት እናቱ ናት ሚሲዮን የወሰደችው። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመችና «ከዚህ በኋላ ሲጠይቁህ እናቴ ሞታለች በል። አለዚያ ከሰው ጋር አያስቀምጡህም» አለችው። ልጅ ነበር፤ እንዳለችው አለ። አድጎም ማርታን ሲያገባ ያንኑ አለ። ተረቶቹም የሷ ናቸው፤ ጭቃ እያሸች የነገረችው። ገበያ ይወርድና እንደ ደንበኛ ፊቷ ቁጢጥ ብሎ ያወራታል፤ ሰው ሲመጣ ሸክላውን አንሥቶ ይሄዳል።

«አቶ ዳና ከሰሙ?» አልኩት።

«ማርታንና ልጆቹን ይወስዷቸዋል። በዚያኑ ቀን።»

ምን ልበለው? ወይ አሁኑኑ ለማርታ ንገራት፣ ወይ ዝም በልና ይለፍ አልኩት። በመጣበት ጓሮ ተመለሰ።

የፊልሙ ሰዎች በላንድሮቨር መጡ። አለቃቸው ሰይፉ የሚባል ጥቁር መነጽር የማያወልቅ ወጣት ነው፤ ሶዶን በሙሉ እንደ ዕቃ ቤት ነው የቆጠረው፣ ይህን አንሡ፣ ያን አስቀምጡ። እኔን አስተርጓሚ አደረጉኝ። ማርታ ስትዘምር አነሱ፤ ላሊሶ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሲቆም አነሱ። ከዚያ ሰይፉ ተረቱን ከማን ሰማኸው ብሎ ጠየቀው።

«ከእናቴ» አለ ላሊሶ። ይህቺን እንኳ መዋሸት አልቻለም።

«ሞታለች አላላችሁኝም? ምን ችግር አለ! በፊልሙ በሕይወት ትኑር። ገበያ መካከል ጥሩ ለብሳ ትቀመጥ፣ ልጆችህ ይክበቧት፣ አንተ ከጎኗ ሁን። ፊልሙ የሚያልቀው በዚህ ነው።» ከዚያ ሊያዩ ወደ መጡት አቶ ዳና ዞረና የምትሆን ሴት ያገኙልኝ ይሆን አላቸው። አቶ ዳናም ደስ ብሏቸው የገዛ እኅታቸውን እማማ ዮዲትን ሰጡ። የትኛው ገበያ ሲባል ሰይፉ መንገድ ላይ ሲያልፍ ሻንቶን ወዶት ኖሯል። ላሊሶ ሌላ ቦታ እንዲሆን ለመነ፤ ሶዶ አለ፣ በዴሳ አለ፣ የቢጠና ገበያም ሩቅ አይደለም አለ። ሰይፉ አንዴ ሻንቶ ብሏል፤ አልሰማውም።

ሻንቶ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል። እማማ ዮዲት ነጭ ለብሰው፣ ጥለታቸው አምሮ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አቶ ዳና ከሽማግሌዎች ጋር ከጎን ቆሙ። ማርታ የልጆቿን ፀጉር ታስተካክላለች። ሸክላ ሻጮቹ እንደ ወትሮው ከገበያው ተለይተው ዳር ላይ ናቸው። እኔ ከመካከላቸው የትኛዋ እንደሆነች ለመፈለግ ጊዜ አልፈጀብኝም። አንዲት ቀጭን አሮጊት ፊቷን በነጠላዋ እስከ ዓይኗ ሸፍና፣ ሁሉም ወደ ካሜራው ሲጋፋ እሷ ብቻ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ልጇ እንዳይጨነቅ ነው። 

ካሜራው ማንሣት ጀመረ። ላሊሶ እማማ ዮዲት አጠገብ ተንበረከከ፤ ልጆቹ ሮጠው ከበቧቸው። ሰይፉ «ጥሩ! አያቴ በሏት! እቀፏት!» ይላል፤ እኔ እተረጉማለሁ። ትልልቆቹ አቀፏቸው። ሐና ግን አላቀፈችም። እማማ ዮዲት የእናቷ አክስት መሆናቸውን ታውቃለች። አባቷን ቀና ብላ አየችውና ክፍል ውስጥ እንደሚሉት አለችው፦

«አባዬ፣ እውነት ነው ተረት ነው?»

 ሰይፉ «ቀጥሉ» አለ። ሐና እጁን ይዛ እንደገና ጠየቀችው። እኔ በልቤ ተረት ነው በል፣ ተረት ነው በልና ይለፍ እያልኩ ነበር፤ እሱስ ውሸት መች ሆነ! ላሊሶም «ተረት ነው» አለ። ወዲያው ግን ተነሣ። የልጅቷን እጅ እንደያዘ፣ «እውነቱ እዚያ ነው» አላት።

ሰዉን እየገፋ ወደ ዳር ሄደ። ገበያው ዝም እያለ መጣ። አሮጊቷ ፊት ቆመና «አዬ!» አለ። በወላይትኛ እናቴ ማለቱ ነው።

አሮጊቷ አልዞረችም። «አላውቅህም» አለች። «ይሄ ሰውዬ አብዷል፣ ውሰዱልኝ!»

«አዬ፣ ልጄን አመጣሁልሽ።»

«አላውቅህም አልኩህ! ሂድ! ሂድ ልጄ፣ ቤትህን እንዳታፈርስ።»

ልጄ የምትለው ቃል ከአፏ ካመለጠች በኋላ የሚሸሸግ ነገር አልቀረም። ያም ሆኖ ለመመለስ መንገድ ነበረው፤ አቶ ዳና እንኳ «ይህ ሰው ፀሐይ መትቶታል» ብለው ጀምረው ነበር። ላሊሶ ሮጦ ማምለጥ ይችል ነበር። እሱ ግን ባነጠፈችው ቁርበት ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ለምሳዋ ያስቀመጠችው የተቀቀለ ጎዳሬ በሸክላ ሳህን ከፊቷ ነበር። አነሣና በላ። ሁሉም እያየው፣ ቀስ ብሎ እያኘከ በላ። አሮጊቷ ሳህኑን ልትነጥቀው ታገለችው፤ አቃታት፤ ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ጮክ ብላ አለቀሰች። ሐና ቆማ ታያቸዋለች።

ከሸክላ ሠሪ ሳህን የበላ ሰው ላይ ምን እንደሚወራ የሚያውቅ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። አቶ ዳና መጡና ሐናን ብድግ አድርገው ታቀፏት፤ ሌሎቹን ልጆች ለእኅታቸው ሰጡ፤ ማርታን ክንዷን ያዙ። ማርታ ባሏን አየችው፣ አሮጊቷን አየቻት፣ ከዚያ ከአባቷ ጋር ሄደች። ሰይፉ መነጽሩን አውልቆ «ምን ሆኑ? ሴትዮዋ ማን ናት?» ይለኛል። ነገርኩት። ካሜራው የቆመው ላሊሶ ከእማማ ዮዲት አጠገብ ሲነሣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አላነሳም።

ማርታን አባቷ ቤት ሄጄ ጠየቅኋት። አቶ ዳና በር ላይ ሆነው ወንድና ሴት በሚቀላቅል አማርኛቸው «ማርታ እዚህ ይቀመጣል። ቤት የለውም፣ ባል የለውም» ብለው አስገቡኝ። እሷ አላለቀሰችም።

«ሸክላ ሠሪ መሆኗ መሰለሽ?» አለችኝ። «እሱም አስደንግጦኛል፣ አልዋሽሽም። ግን አስካለ፣ ልጆቼ ሲተኙ አያታችን ሰማይ ቤት ናት እያሉ ነው የሚጸልዩት። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ሻንቶ ገበያ ስንት ጊዜ በፊቷ አልፌያለሁ! ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳልላት። በቁሟ አስቀበረኝ።»

«እሷ ናት እንዲህ በል ያለችው» አልኳት።

«ያኔ ልጅ ነበር። እኔን ሲያገባኝ ልጅ ነበር?»

ተነሥቼ ወጣሁ።

ላሊሶ ሻንቶ እናቱ ጎጆ ገባ። ከዚያ እየተመላለሰ ያስተምራል። የመምህራን ክፍል ውስጥ የሱ ስኒ ሳይታወቅ ለብቻው መቀመጥ ጀመረ። ማን እንደሚለየው አይታይም፤ ብቻ ይለያል። አንድ ቀን ደሜ ፈላና ስኒዎቹን ሁሉ አንድ ባልዲ ውስጥ ከትቼ ቀላቀልኳቸው፤ በሉ አሁን የሱን ለዩ አልኳቸው። ላሊሶ አልሳቀም። ከሳ፤ መጻፍም ተወ። ክፍሌ መጥቶ ልጆቹን ብቻ ቆሞ ያያቸውና ይሄዳል። ጸጸተህ ወይ አልኩት። «ሐና ናፈቀችኝ» አለኝ።

ወራት አለፉና ፊልሙ መጣ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አንሶላ ተወጠረ፣ ሞተር ተነሣ፣ ሶዶ በሙሉ ወጣ። አቶ ዳና ማርታንና ልጆቹን ይዘው ከፊት ተቀመጡ፤ ላሊሶ ከኋላ ከኔ ጋር ቆመ። ፊልሙ ያምራል፣ መቼም እውነቱን ልናገር። መጨረሻው ላይ እማማ ዮዲት በነጭ ልብሳቸው፣ ላሊሶ ከእግራቸው ሥር፣ ልጆቹ በዙሪያቸው። ተራኪው በሚያምር ድምፅ «እነሆ ተረቱን ያወረሱት እናት፣ እነሆ የታደለ ቤተሰብ» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሲያጨበጭብ እፎይታ ነበረበት፤ ከተማው የፈለገውን እናት አግኝቷል።

ማግስቱን አቶ ዳና ላሊሶን አስጠሩት፤ እኔም መካከል እንድሆን አሉ። ግቢያቸው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ማርታ ከበሩ ውስጥ ትሰማ ነበር፤ ጥላዋ ይታየኛል። አቶ ዳና ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያን ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ያሰቡበት መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ለነገሩ ክብደት በዚያው አማርኛቸው ጀመሩ።

«ፊልሙ ተናገረች፣ አለቀ። አገሩ አይቷል። እናትህ እኅቴ ዮዲት ነው። የሻንቶው ነገር በሽታ ነበር፣ ወባ ነበር፤ እኔ ለሽማግሌዎች እናገራለሁ። አንተ እንዲህ በል፣ ሻንቶ ደግመህ አትሂድ። ሚስትህን ውሰድ፣ ልጆችህን ውሰድ። ዛሬ።»

ላሊሶ ጭንቅላቱን አቀረቀረ። እጆቹን ጉልበቱ መካከል ከተተ። ሐና ግቢው ጥግ ላይ ትጫወታለች፤ ድምፅዋ ይሰማል። በቃ፣ እሺ ይላል አልኩ፤ እሺ ቢልም አልፈርድበትም ነበር። 

«አባቴ፣ ለሐና እውነቱ የት እንደሆነ ነግሬያታለሁ» አለ በመጨረሻ። «ዛሬ እንደገና እናቴን ብገድላት፣ ልጄ ሌላ ምን ብነግራት ታምነኛለች?»

«ስለዚህ ልጆቹ ይቅሩብህ?»

«ይቅሩብኝ አላልኩም። እናቴ በሕይወት አለች ነው ያልኩት።»

ተነሥቶ ወጣ።  አቶ ዳና አልጠሩትም። ከበሩ ውስጥ ያለው ጥላ ቆሞ ቆየና ጠፋ። እኔ ያን ዕለት ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎኝ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

በሚቀጥለው የሻንቶ ገበያ ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ። ማርታ ናት፤ ትልልቆቹን ጎን ካለው ቤታቸው አስገብታ፣ ሐናን ይዛ፣ በሌላ እጇ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዛ። «ነይ አብረን እንሂድ» አለችኝ። አባትሽ ያውቃሉ ወይ አልኳት። «ነግሬያቸዋለሁ። ከሄድሽ አትመለሺ አሉኝ።» አቶ ዳና ቃላቸውን ጠበቁ፤ እስኪሞቱ ድረስ ደጃፏን አልረገጡም።  እኔ ምን ልታደርግ እንደሆነ አላወቅሁም፤ አሮጊቷን ልትሰድባት ይሆን ብዬም ፈርቻለሁ።

ገበያው ሞልቶ ነበር። አወቋት፤ መንገድ ለቀቁላት፤ ከኋላዋም ተከተሏት። ላሊሶ ከእናቱ ጋር ሸክላ እያራገፈ ነበር። ሚስቱን ሲያይ እንስራውን እንዳቀፈ ቀረ። ማርታ አላናገረችውም። አሮጊቷ ፊት ተንበረከከች። ሻሿን ፈታች፣ ራሷን ባዶ አደረገች፣ ቅጠሉንም ፈትታ አስቀመጠች። ቅቤ ነው። በወላይታ ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ናት ራሷን ቅቤ የምትቀባት፤ ልጄ ነሽ ማለት ነው። ማርታን በሠርጓ ዕለት የቀባቻት የሰው እናት ነበረች።

አሮጊቷ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። «ጭቃ ነው» አለች። «እጄ ጭቃ ነው።»

«እንዳለ ይሁን» አለች ማርታ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ።

በዙሪያችን ያ ሁሉ ሰው ቆሟል። አሮጊቷ ልጇን አየችው። ላሊሶ ያን ሁሉ ተረት የሚያውቅ አፉ ተለጉሞ፣ እንባው እንስራው ላይ ይወርዳል። ከዚያ አሮጊቷ ቅቤውን በሁለት እጇ አነሣች፤ በማርታ ራስ ላይ አደረገችው፤ በቀስታ ማሸት ጀመረች። ቅቤው ከጭቃው ጋር እየቀለጠ በማርታ ግንባር ወረደ። ማርታ ዓይኗን ጨፍና ተቀበለች።

«ቆየሽ ልጄ» አለቻት አሮጊቷ። «ብዙ ቆየሽ።»